የግንደ ሕዋስ ሕክምና፦ የተፈተነው ተስፋና የሚቸበቸበው ተስፋ

ዓይነት 1 የስኳር በሽታ የያዘው ሰው፣ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳቱን የገዛ ሰውነቱ የመከላከያ ኃይል አጥፍቶበታል። ከዚያ በኋላ የሚኖረው በመርፌ ነው። መድኃኒቱ ካነሰው ስኳሩ ይጨምራል፤ ከበዛበት ድንገት ይወርድና ራሱን ስቶ ይወድቃል። አንዳንዶቹ ስኳራቸው ሲወርድ የሚያስጠነቅቃቸው መንቀጥቀጥና ላብ እንኳ ስለማይመጣላቸው፣ የቤተሰብ ሰው ሌሊት እየተነሳ መተንፈሳቸውን ያረጋግጣል። እንዲህ ያሉ ታማሚዎች የተሳተፉበት የአንድ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በጁን 2025 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» በተባለው መጽሔት ወጣ። ቬርቴክስ የተባለው የቦስተን ኩባንያ ከግንደ ሕዋስ ያሳደጋቸውን ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት፣ ሐኪሞች ወደ ጉበት በሚገባው የደም ሥር በኩል ለታማሚዎቹ ሰጧቸው። ሙሉውን መጠን ከወሰዱት 12 ሰዎች መካከል ዓመቱ ሲሞላ 10ሩ ኢንሱሊን መወጋት አቁመው ነበር። ራስን የሚያስተው የስኳር መውረድም ከሦስተኛው ወር ወዲህ ከ12ቱ በአንዳቸውም ላይ አልታየም።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሕክምና ዜና ላይ ቃል ለማሳመር የማይቸኩል ሰው እንኳ ትልቅ ነው ከማለት ወደኋላ ሊል አይገባም።

ይኸው ጥናት ግን ሌላም ነገር ይዟል። የተሰጡት ሕዋሳት ከሌላ ሰው የመጡ በመሆናቸው፣ ሰውነት እንዳያባርራቸው ታማሚው የመከላከል አቅሙን የሚያዳክም መድኃኒት ዘወትር መውሰድ አለበት። ከተሳታፊዎቹ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ አንዱ ፈንገስ ባመጣው የማጅራት ገትር፣ ሌላው ቀድሞ የነበረበት የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መዳከም ብሶበት። ስለዚህ ሕክምናው ለጊዜው የሚታሰበው ስኳሩ ለሕይወቱ በሚያሰጋ ደረጃ ለሚወርድበት ሰው ነው። ኢንሱሊኑን እየወሰደ ትምህርት ቤት ለሚውል ልጅ የሚታዘዝበት ጊዜ ገና አልደረሰም። «ስኳር መድኃኒት ተገኘለት» የሚለው ርዕስ በየስልኩ ሲዘዋወር ይህ ሁሉ ይቀራል፤ የሚጎዳውም በዚያ ርዕስ ተማምኖ መርፌውን የሚያቆመው ሰው ነው።

ከዚህ ውጤት ጀርባ የአንድ አባት ታሪክ አለ። ዳግላስ ሜልተን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ እንቁራሪት አፈጣጠር ያጠና የነበረ ሳይንቲስት ነው። ወንድ ልጁ ገና በሕፃንነቱ፣ በኋላም ሴት ልጁ በጉርምስናዋ በዚህ በሽታ ተያዙበት። ሥራውን ሁሉ ወደዚህ አዞረ። ሕዋሳቱን በቤተ ሙከራ በብዛት ማምረት የሚቻልበትን መንገድ ቡድኑ ያሳተመው በ2014 ነው፤ ከዚያ ወደ ታማሚ ለመድረስ ተጨማሪ ሰባት ዓመት ፈጀ። አባት ሆኖ መቸኮል የሚገባው ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ ግን ደረጃ አልዘለለም።

ግንደ ሕዋስ ወይም ስቴም ሴል የሚባለው ምን እንደሆነ በአጭሩ እናስታውስ። በሰውነታችን ያለው አብዛኛው ሕዋስ ሥራው የተወሰነ ነው፤ የቆዳ ሕዋስ ቆዳ ሆኖ፣ የነርቭ ሕዋስ ነርቭ ሆኖ ያልቃል። ግንደ ሕዋስ ሲከፈል ግን አንዱ ልጅ ወደ ሥራ ሲሄድ ሌላው እንደ እናቱ ሆኖ ይቀራል። የእንጀራ ሊጥ በተቦካ ቁጥር ለሚቀጥለው ጊዜ እርሾ እንደሚተርፈው ማለት ነው። የአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜ አራት ወር ያህል ነው፤ ደማችን የማያልቀው በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ ይህ እርሾ ስላለ ነው።

ከሁሉም ግንደ ሕዋሳት ሰፊ ችሎታ ያላቸው በፅንስ መጀመሪያ ቀናት የሚገኙት ናቸው፤ ማንኛውንም የሰውነት ክፍል መሆን ይችላሉ። በ1998 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ቶምሰን የሰውን እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ አሳደገ። የተገኙት ከማህፀን ውጭ በቤተ ሙከራ ተፀንሰው ከተረፉና ወላጆች ለምርምር ከሰጧቸው ፅንሶች ስለነበር፣ ሕይወት መቼ ይጀምራል የሚለው ጥያቄ አብሮ ተነሳ። በ2001 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ለዚህ ምርምር የሚሰጠውን የፌዴራል ገንዘብ ቀድሞ በተዘጋጁት ሕዋሳት ብቻ ወሰኑት። ካሊፎርኒያ በበኩሏ በ2004 በሕዝብ ድምፅ የ3 ቢሊዮን ዶላር ፈንድ አቋቋመች። የእምነት ሰዎች ያነሱት ስጋት የሞኝ ስጋት አልነበረም፤ ዛሬም ሊናቅ አይገባም።

ክርክሩን ከመሠረቱ የለወጠው ከኪዮቶ የመጣ ሥራ ነው። ሺንያ ያማናካ የአጥንት ቀዶ ጥገና ሐኪም ለመሆን የጀመረና አባቱን በጉበት በሽታ ያጣ ሰው ነው። ቢላዋውን ትቶ ወደ ምርምር ገባ። እሱና ረዳቱ ካዙቶሺ ታካሃሺ በፅንስ ሕዋስ ውስጥ የሚሠሩ 24 ዘረመሎችን መረጡና ሁሉንም በአንድ ላይ ወደ አይጥ የቆዳ ሕዋስ አስገቡ። ከዚያም አንድ አንድ እያጎደሉ ሞከሩ። በመጨረሻ አራቱ ብቻ በቂ ሆነው ተገኙ፤ ያደገው ሕዋስ ወደ መጀመሪያው፣ ሁሉን መሆን ወደሚችልበት ደረጃ ተመለሰ። ይህ በ2006 ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት በሰው ሕዋስ ተደገመ። በ2012 ያማናካ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞ በእንቁራሪት ተመሳሳይ ነገር ካሳየው እንግሊዛዊው ጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። ፅንስ ሳይነካ፣ ከታማሚው ከራሱ ቆዳ ወይም ደም የነርቭ፣ የልብ፣ የዓይን ሕዋስ ማሳደግ የሚቻልበት በር ተከፈተ። በሩ ግን አደጋም አለው፤ ከአራቱ ዘረመሎች አንዱ ካንሰርን በማነሳሳት የታወቀ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በሴፕቴምበር 2014 በጃፓኗ ኮቤ ከተማ፣ ማሳዮ ታካሃሺ የመራችው ቡድን ዕድሜ ባመጣው የሬቲና በሽታ እይታዋ ይደክም ለነበረ በሰባዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት፣ ከራሷ ቆዳ የተሠራ ስስ የሬቲና ሕዋስ ንጣፍ በዓይኗ ውስጥ አኖረ። ሕዋሱ ኖረ፤ ዕጢ አልተፈጠረም፤ እይታዋ ባይሻሻልም መድከሙ ቆመ። ሁለተኛው ታማሚ ተዘጋጅቶ ሳለ ግን ለእሱ በተሠሩት ሕዋሳት ላይ የዘረመል ለውጥ ታየ። ጉዳት ያመጣል ብሎ እርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም፤ አያመጣም ብሎ የሚምልም አልነበረም። ሥራው ቆመ። ዓለም ሁሉ እያየ፣ አገር እየኮራ፣ ገንዘብ እየጎረፈ ሳለ ቆመ። እኔ ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ይልቅ ይህን ውሳኔ አከብራለሁ።

የማሳዮ ባል ጁን ታካሃሺ ደግሞ በኪዮቶ የፓርኪንሰን በሽታን ይዞ ቆይቷል። ይህ በሽታ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ እግር የሚያስር ነው። በኤፕሪል 2025 የእሱ ቡድን በ7 ታማሚዎች፣ በኒውዮርክ የሚመራ ሌላ ቡድን ደግሞ በ12 ታማሚዎች አንጎል ውስጥ ከግንደ ሕዋስ ያደጉ ሕዋሳትን አኑረው ያገኙትን በአንድ ቀን አሳተሙ። ሕዋሳቱ ኖረዋል፣ ዶፓሚን አመንጭተዋል፣ ዕጢ አልታየም፤ አንዳንዶቹም እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሏል። ጥናቶቹ ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበራቸው ግን ምን ያህሉ የሕዋሱ ሥራ እንደሆነ የሚለየው ማነጻጸሪያ ያለው ትልቅ ሙከራ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ግን የግንደ ሕዋስ ሕክምና ምን ማድረግ እንደሚችል በግልጽ የሚያሳየኝ በጀርመኗ ቦኹም ከተማ የሆነው ነው። በ2015 ክረምት የሰባት ዓመት ሶርያዊ ስደተኛ ልጅ ወደ ቃጠሎ ሕክምና ክፍል ገባ። እሳት አልነካውም። ከወላጆቹ የወረሰው የዘረመል ጉድለት የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው ጋር የሚያጣብቀውን ፕሮቲን ስለነሳው፣ ቆዳው በትንሽ መታሸት እየተላጠ ይወልቅ ነበር። ያኔ ከግማሽ በላይ የሆነው የላይኛው ቆዳው ሄዷል፤ ቁስሉ አመርቅዟል። ሐኪሞቹ ከአባቱ ቆዳ ወስደው ሞከሩ፤ የልጁ ሰውነት አልተቀበለውም። ሥቃዩን እያስታገሱ ከመሸኘት በቀር ሌላ መንገድ የለም ወደሚባልበት ደረጃ ደረሱ።

ወላጆቹ ሌላ ነገር እንዲሞከር ለመኑ። በጣልያኗ ሞዴና ሚኬሌ ዴ ሉካ የሚባል ሳይንቲስት፣ ከባልደረባው ግራዚየላ ፔሌግሪኒ ጋር የቆዳና የዓይን ግንደ ሕዋሳትን ለብዙ ዓመታት ሲያጠና የኖረ ነው። በአውሮፓ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2015 ፈቃድ ያገኘው የግንደ ሕዋስ መድኃኒትም፣ ዓይናቸው በቃጠሎ ለተጎዳ ሰዎች የሚሆን፣ የእነሱ ሥራ ውጤት ነበር። ከልጁ ብሽሽት አካባቢ ካልቆሰለ ቦታ አራት ሴንቲ ሜትር ካሬ ቆዳ ተቆርጦ ወደ ሞዴና ተላከ። ሕዋሳቱ ጤናማው ዘረመል ገባባቸው፤ ተባዙ፤ ስስ አንሶላ ሆነው ወደ ቦኹም ተመለሱ። በተከታታይ ቀዶ ጥገናዎች መጀመሪያ እጅና እግሩ፣ ከዚያ ጀርባው፣ ከዚያ የቀሩት ቦታዎች ተሸፈኑ፤ 80 ከመቶ የሚሆነው የሰውነቱ ቆዳ አዲስ ሆነ። ልጁ ከሆስፒታል ወጣ፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ ኳስ ተጫወተ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይም ቆዳው እንደጸና ነበር። ሳይንቲስቶቹ ቆዳውን ሲመረምሩ ከተተከሉት እልፍ አእላፍ ሕዋሳት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ጠፍተው፣ ቆዳውን ሁሉ እያደሱ የቀጠሉት በቁጥር ጥቂት የሆኑ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ግንደ ሕዋሳት ሆነው አገኟቸው። አንድ ታማሚ ልጅ መዳኑ ሳይበቃ፣ የሰው ቆዳ እንዴት ራሱን እንደሚያድስ የቆየ ክርክርንም ፈታ።

ይህን የሰማ ሁሉ «ታዲያ ለሌላውስ ለምን አይሆንም?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን በየበሽታው የተለየ ነው። ቆዳ ከውጭ የሚታይ፣ በቤተ ሙከራ ለአሥርተ ዓመታት ሲያድግ የኖረ፣ ቢበላሽ የሚነሳ ነው። የጀርባ አጥንት ነርቭ እንደዚያ አይደለም። ልብ እንደዚያ አይደለም። በአንድ በሽታ የተገኘ ማረጋገጫ ለሌላው በሽታ ዋስትና ሊሆን አይችልም፤ በዚህ መስክ የደረሰው መከራ ብዙው የመጣው ይህን ልዩነት ከመዝለል ነው።

ከዚያ መከራ ትልቁ ለእኛ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች በጣም የቀረበ ነው። በ2011 በአይስላንድ የመሬት ሳይንስ ያጠና የነበረ ኤርትራዊ ወጣት፣ የልጆች አባት፣ በመተንፈሻ ቧንቧው ላይ ዕጢ ወጣበት። ወደ ስዊድን ወደ ካሮሊንስካ ሆስፒታል ተላከ። ካሮሊንስካ የሕክምና ኖቤልን የሚሸልመው ተቋምም ስም ነው። እዚያ ፓውሎ ማኪያሪኒ የተባለው ጣልያናዊ ቀዶ ጠጋኝ ከፕላስቲክ የተሠራ ቧንቧ በወጣቱ መቅኔ ግንደ ሕዋሳት ነክሮ፣ የታመመውን አውጥቶ ተካለት። ግንደ ሕዋሳቱ ፕላስቲኩን ሸፍነው ሕያው ቧንቧ ያደርጉታል ተባለ። ዓለም አቀፍ ዜና ሆነ። በዚያው ዓመት «ላንሴት» የተባለው ታላቅ መጽሔት የስኬት ሪፖርት አወጣ።

ፕላስቲኩ ግን ፕላስቲክ ሆኖ ቀረ። ዘዴው አስቀድሞ በእንስሳት ላይ አልተፈተነም፤ የሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድም አልነበረውም። ወጣቱ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ሲሠቃይ ኖሮ በጃንዋሪ 2014 ሞተ። በስዊድን ተመሳሳይ ቧንቧ የተተከለላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎችም ሞተዋል። በዚያው ሆስፒታል የሚሠሩ አራት ሐኪሞች መዝገቦቹን ከታተመው ጽሑፍ ጋር አመሳክረው በ2014 አቤት አሉ። ገለልተኛ መርማሪ ጥፋት አለ ብሎ ቢጽፍም፣ የተቋሙ አመራር በ2015 ማኪያሪኒን ነፃ አደረገው። ነገሩ የፈነዳው በ2016 መጀመሪያ የስዊድን ቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ካሳየ በኋላ ነው፤ የተቋሙ ኃላፊ ሥልጣን ለቀቁ፣ ማኪያሪኒ ተባረረ። ላንሴት ጽሑፎቹን የሰረዘው በ2018 ነው። በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት ማኪያሪኒን በከባድ አካላዊ ጉዳት ጥፋተኛ ብሎ የሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ፈረደበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያንገበግበኛል። አንደኛው፣ ይህ በጓሮ ክሊኒክ የሆነ አለመሆኑ ነው። ስም፣ ሕንጻ፣ መጽሔት፣ ሽልማት ሁሉም ነበር፤ የጎደለው በኮቤ የነበረው «እርግጠኛ አይደለንምና እንቁም» የሚል ድምፅ ነው። ያንን ድምፅ ያሰሙት አራቱ ሐኪሞች ከአለቆቻቸው ዘንድ በምስጋና ፈንታ ወቀሳ ገጠማቸው። ሁለተኛው ወጣቱ ራሱ ነው። ከአገሩ ርቆ፣ በሰው አገር፣ በሞት ጥላ ሥር ሆኖ የቀረበለትን ብቸኛ ተስፋ ተቀበለ። በእሱ ቦታ ብንሆን ማናችንም የምናደርገው ያንኑ ነው። ለዚህም ነው ጥንቃቄውን ከታማሚው የምንጠብቀው ሳይሆን ተስፋውን ከሚያቀርበው የምንጠይቀው።

በሌላ በኩል ተስፋን እንደ ሸቀጥ የሚቸበችቡ አሉ። በ2015 በፍሎሪዳ ሦስት ሴቶች፣ የኮቤዋ ሴት የነበረባት ዓይነት የሬቲና በሽታ ያለባቸው፣ 5,000 ዶላር ከፍለው ከራሳቸው ስብ የወጣ «ግንደ ሕዋስ» ሁለቱም ዓይናቸው ውስጥ በአንድ ቀን ተወጉ። ሦስቱም ዓይናቸው ክፉኛ ተጎዳ። ከኮቤ ጋር አንድ በሽታ፣ የአንድ ዓመት ልዩነት። በኮቤ አንድ ዓይን፣ ለዓመታት የተፈተነ ሕዋስ፣ በነፃ። በፍሎሪዳ ሁለት ዓይን፣ በገንዘብ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ደግሞ ሙከራው በአሜሪካ መንግሥት የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ ላይ ስሙ ሰፍሮ መገኘቱ ነው። መዝገቡ ላይ መገኘት ፈቃድ ማግኘት ማለት አይደለም።

ይህን የምጽፈው ለአንባቢ ቅርብ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ከእኛ መካከል ለሕክምና ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ፣ ወደ ቱርክ የሚሄደው ብዙ ነው፤ ዘመድ ያዋጣል፣ ቤት ይሸጣል፣ በአሜሪካና በአረብ አገር ያለው ልጅ ይልካል። «በግንደ ሕዋስ እናድናለን» የሚል ማስታወቂያ በዚህ መሀል ሲመጣ መጠየቅ ያለበት ነገር ቀላል ነው። አንድ መርፌ ለኦቲዝምም፣ ለስትሮክም፣ ለጉልበትም፣ ለኩላሊትም ይሆናል ካሉ፣ በሳይንሱ ያልተረጋገጠ ነገር እየሸጡ ነው። ገና ሙከራ ነው እያሉ የሙከራውን ዋጋ ከታማሚው የሚያስከፍሉ ከሆነም ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በወጉ የሚካሄድ ምርምር አብዛኛውን ጊዜ ለሚፈተነው ሕክምና ታማሚውን አያስከፍልም። ከዚህ በፊት ስንት ሰው እንደታከመ፣ ስንቱ እንደተጎዳ፣ ውጤቱ የት እንደታተመ ሲጠየቁ የአንድ የዳነ ሰው ቪዲዮ የሚያሳዩ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

የዋጋውም ነገር አለ። በዲሴምበር 2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሲክል ሴል ለተባለው በዘር ለሚተላለፍ የደም በሽታ ካስጌቪ የተባለውን ሕክምና ፈቀደ። የታማሚው የደም ግንደ ሕዋሳት ተወስደው፣ ዘረመላቸው ክሪስፐር በተባለው ዘዴ ታርሞ ይመለሱለታል። የመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። በሽታው ይዟቸው ከሚወለዱት ሕፃናት ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚወለዱት ደግሞ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ኢንሱሊን በቶሮንቶ ተገኝቶ ባለቤቶቹ የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው በአንድ አንድ ዶላር ከሸጡ መቶ ዓመት አለፈ። ዛሬም በኢትዮጵያ ገጠር ማቀዝቀዣ የሌለው ታማሚ ኢንሱሊኑን በረጠበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ አኑሮ ይጠቀማል፤ ከጤና ጣቢያ ለመድረስም ብዙ ይጓዛል። የቦስተኑ ውጤት ለዚያ ሰው ልጅ እንዲደርስ የምንመኝ ከሆነ፣ መጀመሪያ መርፌውና የስኳር መለኪያው ሳይቋረጥ እንዲደርሰው መሟገት አለብን።

ከቶሮንቶ ሳንወጣ፣ የግንደ ሕዋስ ታሪክ የሚጀምረውም እዚያው ነው። በ1960ዎቹ መባቻ ኧርነስት ማክሎክ የተባለ ሐኪምና ጄምስ ቲል የተባለ የፊዚክስ ሰው ጨረር የተመቱ አይጦችን መቅኔ እየሰጡ ያጠኑ ነበር። ማክሎክ አንድ እሑድ አይጦቹን ሲመረምር ጣፊያቸው ላይ ጥቃቅን እብጠቶች አየ፤ የእብጠቶቹ ብዛት ከሰጧቸው የመቅኔ ሕዋስ መጠን ጋር ይሄዳል። እያንዳንዱ እብጠት ከአንድ ሕዋስ የበቀለ ነበር። በ1961 አሳተሙት። የደም ግንደ ሕዋስ መኖሩ በዚህ ታወቀ።

ያ እውቀት ከመምጣቱ በፊት በ1957 አሜሪካዊው ዶናል ቶማስ የሌላ ሰው መቅኔ ለስድስት ታማሚዎች ሰጥቶ ነበር። ስድስቱም ሞቱ። ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቹ መስኩን ትተው ሄዱ። እሱ ወደ ቤተ ሙከራ ተመልሶ ለዓመታት በውሾች ላይ ሠራ፤ የለጋሽና የተቀባይ ሕዋስ መመሳሰል ምን ማለት እንደሆነ ሲገባው ወደ ሰው ተመለሰ። በ1990 የኖቤል ሽልማት ወሰደ፤ እስከ 2012 በዓለም ላይ የተደረገው የደም ግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ አንድ ሚሊዮን ደረሰ። ስለ ግንደ ሕዋስ ሕክምና «ወደፊት» እያልን ስናወራ ይህ ረስተነው እንጂ በየቀኑ የሚሠራ፣ የደም ካንሰር ይዟቸው የነበሩ ብዙ ሰዎችን ያዳነ ሕክምና ነው።

በዓይን ሲታይ ደግሞ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ታማሚው በኬሞቴራፒ ወይም በጨረር የራሱ መቅኔ እንዲጠፋ ይደረጋል፤ ከሌሎች ተለይቶ ለብቻው ክፍል ይተኛል። አንድ ከረጢት ቀይ ፈሳሽ እንደ ደም ይሰቀልና በደም ሥሩ ይወርድለታል። ሕዋሱ በርዶ የቆየ ከሆነ መጠበቂያው ኬሚካል በትንፋሽ ስለሚወጣ ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ግንደ ሕዋሳቱ በደም ሲዞሩ ቆይተው ማንም ሳይመራቸው አጥንት ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ቤተሰብ ነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ከዜሮ የሚነሳበትን ቀን ይጠብቃል፤ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን የሚመሳሰል ለጋሽ ሲገኝ ነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከቤተሰብ ካልተገኘ በዓለም ዙሪያ ከ40 ሚሊዮን በላይ ፈቃደኞች የተመዘገቡበት መዝገብ ይፈተሻል። የአሜሪካው መዝገብ እንደሚለው ነጭ አሜሪካዊ ታማሚ ሙሉ በሙሉ የሚመሳሰለው ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 79 ከመቶ ሲሆን፣ ጥቁር ታማሚ ግን 29 ከመቶ ነው። የአፍሪካ ሕዝብ የዘረመል ስብጥር ከሁሉም ሰፊ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው የተመዘገበው ሰው ማነሱ ነው። የመጀመሪያውን መለወጥ አንችልም፤ ሁለተኛውን ግን እንችላለን። በቅርብ ዓመታት ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ የዳበረ ዘዴ፣ ከንቅለ ተከላው በኋላ በሚሰጥ የቆየ የካንሰር መድኃኒት አማካኝነት፣ ግማሽ ብቻ የሚመሳሰል ወላጅ ወይም ልጅም እንዲለግስ አስችሏል፤ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ቢሆንም ወላጅ በሕይወት የሌለው፣ ወንድሙ በስደት የጠፋበት፣ ዘመዱ ቪዛ የተከለከለበት የእኛ ሰው የሚቀረው ያው መዝገብ ነው።

የመተማመን ጉዳይም አለ። በ1996 በእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በኤችአይቪ ፍርሃት በምስጢር ሲደፋ መኖሩ ተጋልጦ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ማኅበረሰብ «ና ለግስ» ሲባል ቢያመነታ የሚወቀስ አይደለም፤ ጠሪው ነው ይቅርታውንና ማስረጃውን ይዞ መቅረብ ያለበት።

በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በለንደን፣ በቴል አቪቭ ላሉ ወጣቶቻችን ግን ነገሩ ይህን ያህል የራቀ አይደለም። መመዝገብ ማለት ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ ጠርጎ መላክ ነው። የአሜሪካው መዝገብ የዕድሜ ገደብ አለው፤ ሐኪሞች አብልጠው የሚመርጡት ወጣቶቹን ነው። ተመሳሳይነቱ ተገኝቶ ከተደወለ፣ አብዛኛው ልገሳ ዛሬ አጥንት ሳይበሳ ነው የሚከናወነው፦ ለአምስት ቀን ግንደ ሕዋስን ከመቅኔ ወደ ደም የሚያወጣ መርፌ ይሰጣል፣ አጥንት ያስቆረጥማል፣ ከዚያ ከአንድ ክንድ ደም እየወጣ በማሽን ተጣርቶ በሌላው ክንድ ይመለሳል። ጥቂት ሰዓታት ነው። ማኅበሮቻችን፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን ለቀብር፣ ለዕቁብ፣ ለአገር ቤት እርዳታ የሚሰበሰቡበት ጉልበት አላቸው፤ ከበዓል በኋላ አንድ ጠረጴዛ አውጥቶ ወጣቶችን ማስመዝገብ ከዚያ የሚከብድ ሥራ አይሆንም። ከተመዘገቡ በኋላም ስልክና አድራሻ በተለወጠ ቁጥር ለመዝገቡ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ተመሳሳይነቱ ከዓመታት በኋላ ተገኝቶ ሲደወል ቁጥሩ ከተቀየረ፣ ሐኪሙ ከዝርዝሩ ወደሚቀጥለው ስም ይሄዳል፤ ለእኛ ሰው ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀጥል ስም የለም።